ሮም በአጎቴ ኤርሜቴ ደብተር ስትለካ

ኢጣሊያ ውስጥ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ኤርሜቴ አለው። ስሙ ይለያይ ይሆናል፤ በአንዱ ቤት አማች ነው፣ በሌላው ቤት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሥራው ግን አንድ ነው። ቤተሰቡ "እስቲ ወጣ ብለን አንድ ከተማ አይተን እንምጣ" ያለ ዕለት ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከተፍ ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ሽርሽር መሆኑ ይቀርና ዘመቻ ይሆናል።

የእኛ ቤቱ ኤርሜቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ክቡር አጎት ኤርሜቴ፣ የፌራራ ከተማ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ፣ የቅናሽ ወዳጅ፣ የምግብ ቤት ባላንጣ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ ኮታቸው ደግሞ በዕድሜ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። አንድ ሰው ስለ ጉዞ የፈለገውን ቢያነሳ መልሳቸው አንዲት ናት፦ "ከቤት እንይዛለን።" ቁርሱ ከቤት፣ ሳሙናው ከቤት፣ ጃንጥላው ከቤት። አንድ ጊዜ ቬኒስ ስንሄድ ትራስ ከቤት አስይዘውናል።

ስምንት ነን። አጎቴና ሚስታቸው ኢዮሌ፣ እኔና ሚስቴ ሚሬላ፣ ወንድሜ ቫሌሪዮና ሚስቱ ካቲያ ከሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቻቸው ጋር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሦስት ቀን አብረን እንወጣለን፤ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ጎድሎ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቫሌሪዮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት የስኳር ፋብሪካ ከተዘጋ ስድስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። እሁድ ምሳ ላይ፣ አጎቴ ቤት፣ ገና ሮም የሚለው ስም ሲነሳ ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠ።

"እኛን ተዉን፤ እናንተ ሂዱ" አለ።

እኔ እከፍልልሃለሁ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "በሰው ገንዘብ ከማያት ባላያት ይሻለኛል።"

አጎቴ ግን ቀና እንኳ አላሉም። ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አድርገው፣ "በሚቀጥለው እሁድ እንነጋገር" ብለው ዱባ የተጠቀለለበትን ፓስታቸውን መብላት ቀጠሉ። እኚህ ሰውዬ ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም ብዬ ታዘብኳቸው።

በሚቀጥለው እሁድ አዋጁ ወጣ። ባቡሩ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ ሁሉም ተጠቃሎ ለሦስት ቀን ለአዋቂ መቶ ሰላሳ ዩሮ፣ ለልጅ ግማሹ። ቫሌሪዮ ቁጥሯን ሰምቶ ሹካውን አነሳ፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። የቀረነው ግን ዝም አላልንም። በመቶ ሰላሳ ዩሮ ሮም የሚደርሰው ፖስታ ካርድ ብቻ ነው።

ሚሬላ በፈጣኑ ባቡር ከሦስት ሰዓት በታች የሚያልቀውን መንገድ፣ ሦስት ቀርፋፋ ባቡር እየቀያየርን ለምን በስምንት ሰዓት እንደምንሄድ ጠየቀች። አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "ሮም ሦስት ሺህ ዓመት ጠብቃሻለች ልጄ፤ አምስት ሰዓት ብትጨምር ምን ትሆናለች?"

ሆቴል የሚል ቃል እሳቸው ፊት አይጠራም። የምናድረው መነኮሳት እናቶች ለእንግዳ በሚያከራዩት ቤት ነው፤ በሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ የቆየ ደጅ ያድራል። አጎቴ አለቃዋን መነኩሲት በስልክ ሦስት ጊዜ ተከራከሯቸው። ቁርስ ባንበላስ ስንት ይቀነሳል? ቁርሱን በልተን ማርማላታውን ብንተውስ? እናቲቱ በመጨረሻ ታክቷቸው፣ "እጸልይልዎታለሁ" አሏቸው። አጎቴም ጸሎቱ ከአልጋው ጋር ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል ብለው ጠየቁ።

የሮም ካርታቸውን ደግሞ ማየት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የለበት፣ ቤተ መንግሥት የለበት፤ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበው ሁሉ የመንገድ ዳር የቧንቧ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ከቤት፣ ውሃው ከከተማው። ቀኑም ቢሆን በአቦ ሰጡኝ አልተመረጠም፤ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ሙዚየም በነጻ ስለሚያስገባ፣ ሌላው ቀን ሁሉ ወደዚያች እሁድ ተጎትቶ መጣ።

ሚሬላ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ገነፈለች። ደህና ሆቴል ይያዝ፣ እኛ መቶ መቶ ዩሮ እንጨምር፣ ሰው እንደ ሰው ይሂድ አለች። እኔም ደገፍኳት። አጎቴ ደብተሩን ዘግተው "መቶ ሰላሳ" አሉ። ሚሬላ እየተበሳጨች ሳህን ልታነሳ ወደ ጓዳ ስትገባ አክስቴ ኢዮሌ ተከትላት ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። ለካ ባለቤቷ፣ ወንድሜ "እኛን ተዉን" ካለበት እሁድ በኋላ ረቡዕ ዕለት ቫሌሪዮ ግቢ ሄደው፣ የፍራፍሬ ዛፍ አብረው ሲገርዙ ዋሉ፤ ነገር በዘወርዋራ እያነሱ የወንድሜን አቅም ለክተው ተመለሱ።

"ከዚያች ቁጥር አንድ ዩሮ ካለፈ ቫሌሪዮ አይመጣም" አለቻት። "እንዲህ ብላ ነገረችኝ ብትይ ግን አላውቅሽም።"

ሚሬላ ሳህኖቹን አጥባ ወጣችና ቀርፋፋ ባቡር መስኮቱ ይከፈታል፣ ደስ ይላል አለች። ቫሌሪዮ የራሱን ድርሻ ቆጥሮ አጎቴ እጅ ላይ ያኖረው በዚያው ሳምንት ነው።

ዓርብ ጠዋት ተነሣን። ሽንኩርት የገባበት የእንቁላል ጥብስ በዳቦ ተደርጎ፣ በመጋገሪያ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል። የእኛ ቀርፋፋ ባቡር ትኬት ከመሳፈር በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ይህን አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሲሰብኩን ኖረዋል። ቦሎኛ ላይ ማሽኑ ሥር ቆመው የሰባታችንን አንድ በአንድ እየተቀበሉ አስመቱ፣ እያንዳንዱን በመነጽር አረጋገጡ፣ ልጆቹን ቆጠሩ፣ ሻንጣ ቆጠሩ። ባቡሩ ተነሥቶ ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ያልተመታ ትኬት አንድ ብቻ ተገኘ፤ የሕግ አውጪው።

ተከራከሩ፤ ደብተሩን አውጥተው አሳዩ። ልጅቷ ደብተሩን በአክብሮት አየችና ሃምሳ ዩሮ ቀጣቻቸው። እናዋጣ ስንል ተቆጡ። ከኪሳቸው ከፍለው ሲያበቁ፣ በደብተሩ ላይ "የኤርሜቴ እራት፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ተሰርዟል" ብለው ጻፉ። ሕጉን የጣሰ ይጾማል። ሁለቱንም ምሽት እኛ ስንበላ እጃቸውን አጣጥፈው ስለ ሮም አፈር ጠባይ አስረዱን፤ አክስቴ በኮት ኪሳቸው የምትከተውን የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ ዞር እያሉ ሲበሉ እኛ እንዳላየን ሆንን።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከመነኮሳቱ ቤት ቀድመን ወጥተን፣ ሙዚየሙ በር ላይ አንደኛ ነን ብለን ደረስን። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ሄዷል። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ በየቤተሰቡ ፊት አንድ ሽማግሌ፤ በብብቱ ደብተር፣ በእጁ ባዶ ጠርሙስ፣ ከቦርሳው የእንቁላል ሽታ። የአገሪቱ ኤርሜቴዎች በሙሉ ተሰብስበዋል። አጎቴ ፊታቸው አንድ ከፓዶቫ የመጣ ኤርሜቴ ቆሞ ነበር፤ ለአዳር ስንት ከፈልክ ተባባሉ። አጎቴ በሁለት ዩሮ አሸነፉና ቀኑን ሙሉ ሰውየውን በአዘኔታ ሲያዩት ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ባቡሩ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አጎቴ ከጋራ ገንዘቡ የተረፈውን ለየቤቱ አካፈሉ። ለቫሌሪዮ ቤት ሠላሳ ስድስት ዩሮ ደረሰው። ወንድሜ ገንዘቡን ቆጠረ። ከዚያ ምንጭ ባለበት ትልቁ አደባባይ ላይ ወዳሉት፣ ነጭ ጨርቅ ወደ ለበሱት ጠረጴዛዎች አመለከተ።

"ተቀመጡ" አለ። "ቡናው በእኔ ነው።"

ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። በእኛ አገር ቡና ቆሞ ሲጠጣ አንድ ዋጋ፣ ተቀምጦ ሲጠጣ ሌላ ዋጋ አለው፤ እንዲህ ባለ አደባባይ ላይ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። አጎቴ ወንበሩ የሚከራይ ቡና ለታመመ ሰው ነው ባይ ናቸው። በሌላ በኩል ቡና መጋበዝ ተራ አለው፤ ተራው ሲደርስ የማይጋብዝ ወንድ ሰው ፊት አይቆምም። ቫሌሪዮ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰፈር ቡና ቤት ረግጦ የማያውቀው ለዚሁ ነው።

እጄ ሳላስበው ወደ ኪሴ ገባች። አጎቴ እግሬን ረገጡኝ፤ ለሰባ አንድ ዓመት ሰው አረጋገጣቸው ከባድ ነበር። ከዚያ ከሁላችን ቀድመው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እግራቸውን አነባበሩ። የዋጋ ዝርዝሩ ቀረበላቸው፤ ሳይገልጡ ወደ ጎን አደረጉት። የማያውቁትን ሰው የቀብር ወጪ ጠይቀው የሚመረምሩ ሰው ናቸው።

ቡናው መጣ፣ ለልጆቹም ጭማቂ። ወንድሜ የገንዘቡን መጠን በልቡ እያሰላ መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ይበቃል፣ የሚተርፈው ግን የአንድ ሲኒ ዋጋ ነው። አጎቴ ቀስ ብለው ጠጡ። እኔ ይኼኔ ስለ ዋጋው አንድ ነገር ይሉና ያዋርዱታል ብዬ ሰጋሁ። ሲኒውን አስቀመጡ።

"ቫሌሪዮ" አሉ፣ "ቡናው ጥሩ ነው። አንድ ድገመኝ።"

አክስቴ ኢዮሌ ፊቷን ወደ ምንጩ አዞረች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የወደድኳቸው ጊዜ የለም፤ እኚያን ቆንቋና። ወንድሜም አሳላፊውን ለመጥራት እጁን ከፍ አደረገ። ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ ተቀምጦ አላየሁትም ነበር።