ማሳዬ ለማወዳደሪያ ተመረጠ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ማክሰኝት ውስጥ ከእኔ በላይ የተዋረደ ሰው ካለ ታግ አድርጉልኝ። አብረን እናልቅስ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዘውዱ ነው።

ዘውዱ የማሳ ጎረቤቴ ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ፈተና ላይ ከእኔ ይኮርጅ ነበር። እሺ፣ እኔ ነበርኩ ከእሱ የምኮርጀው። ታዲያ አምና ገበሬዎች በገዛ ማሳቸው ምርምር እንዲሠሩ ፈንድ የሚሰጥ ፕሮጀክት መጣና ማን ቢያገኘው ጥሩ ነው?

ዘውዱ። ራሱ በሚያዘጋጀው ኮምፖስት ነጭ ሽንኩርት ሊሞክር።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ “ተመራማሪው” ይለው ጀመር። ሚስቴ ሳትቀር “ተመራማሪው ሰላም ብሎሃል” ትለኛለች። እራት አልወርድ አለኝ።

ክረምት ሊገባ ሲል የፕሮጀክቱ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣች። “ማሳህ ለማወዳደሪያ ተመርጧል። እንደ ወትሮህ ሥራ፤ የተለየ ነገር እንዳትጨምርበት” አለችኝ።

እኔ የሰማሁት “ውድድር” የሚለውን ብቻ ነው!

አትጨምር ማለቷን የዘውዱ ተንኮል አደረግኩት። እንዳልበልጠው ነዋ! ስለዚህ እሁድ እሁድ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ ፍግ በአህያ ሳግዝ ከረምኩ። የንስሐ አባቴ ፌስቡክ የላቸውም፤ ተመስገን።

ዛሬ የመስክ ጉብኝት ነበር። የሠርጌን ኮት ለበስኩ። እንግዶቹ ከጎንደር በማኪና መጡና መጀመሪያ የዘውዱን ማሳ፣ ቀጥሎ የእኔን አዩ። የእኔም ነጭ ሽንኩርት ከእሱ እኩል ፋፍቷል! ጭብጨባ ጠበቅኩ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

አንደኛው እንግዳ ራሱን ነቀነቀ። “ይህ እኮ ምንም ያልተደረገለት ማሳ ነው። የዘውዱ ከዚህ ካልበለጠ ኮምፖስቱ አልሠራም ማለት ነው። ፈንዱን ማስቀጠል ይከብዳል።”

ገባችሁ? የተመረጥኩት ልሸነፍ ነው። ሥራዬ መሸነፍ ነበር፤ እሱንም አልቻልኩበትም።

ዘውዱን ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ ጠቁሯል። ክረምቱን ሙሉ ይህን ፊት ለማየት ስመኝ ነበር፤ ሳየው ግን ሆዴ ባባ።

“ፍግ አድርጌበታለሁ” አልኩ።

“ምን?”

“ፍግ! ክረምቱን ሙሉ!”

ጎረቤታችን አያ ሞላ ከኋላ ሆነው “ምነው ልጄ፣ እኛኮ ከቅዳሴ ስትቀር ታሞ ነው ብለን አዝነንልህ ነበር” አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮ የቀረጻችሁኝ ሰዎች፣ እባካችሁ አትልቀቁት።

ባለሙያዋ በጣም ተናደደችብኝ፤ ለዘውዱ ግን ሙከራው በሌላ ማወዳደሪያ ማሳ እንዲደገምለት እንግዶቹን አስማማች። ዘውዱስ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? መጥቶ አንገቴን አቀፈና “ሸጋ ሽንኩርት ነው ያወጣኸው፤ ለከርሞ ለፈንዱ አብረን እናመልክት” አለኝ።

አያችሁት? ፈንዱን ወሰደ፣ ስሙን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ለብቻው ያዘው። ቤት ስንመለስ ሚስቴ “ምን ያለ ሸጋ ሰው ነው” አለች። እንደገና እራት አልወርድ አለኝ።

የቅናት መድኃኒት ለሚፈልግ ምርምር ፈንድ የሚሰጥ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለዘውዱ ግን እንዳትነግሩት።

ካመለከተ ያሸንፈኛል።