ወይዘሮ ጉንቮርና ቲኬት የማትቆርጠው ልጅ

ማንም ያልሾመው ገዢ የሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በዓለም ላይ የለም። የእኛ፣ ስዊድን ውስጥ ዬቭሌ ከተማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ገዢ፣ ክብርት ወይዘሮ ጉንቮር ሄድብሎም ናቸው። መንበራቸው ምድር ቤት፣ የጋራው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው።

ክብርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከባቡሩ እንጂ ከቁጥጥሩ አይደለም። ሰውን የሚጠሩት በፎቁ ነው፤ እኔ «ሦስተኛ ፎቅ» ነኝ። በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ማስታወሻ ጽፈውልኛል። ሁሉም «ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው» ብለው ይጀምራሉ፣ ሁሉም የተለጠፉት የእኔ በር ላይ ነው። አንዱ የልብስ ማድረቂያ ማሽኑን ወንፊት ሳላጸዳ ስለመሄዴ፣ አንዱ ስለረሳሁት የግራ እግር ካልሲ፣ አንዱ ደግሞ ያስያዝኩት የማጠቢያ ሰዓት ካለቀ በኋላ አራት ደቂቃ ስለመቆየቴ። ልከራከር ስወርድ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሕጉ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ?» ሕጉን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚያው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው ለሕንፃው ልጆች የዲሳን ታሪክ የሚያነቡት። ዲሳ የአንድ የቆየ የልጆች መጽሐፍ ባለታሪክ፣ የአስር ዓመት ልጅ ናት። የተጣለ የሐዲድ ጋሪ ከዝገት አውጥታ፣ በእጇ እየነዳች፣ አገሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ታካልላለች። ባሻት ቦታ ትቆማለች። የጣቢያ አለቃ ሲቆጣት ቁርስ ትጋብዘዋለች። በሁለት መቶ ገጽ ውስጥ አንድም ቲኬት አልቆረጠችም። አያቶቻችን አንብበዋታል፣ እኛም አልጋ ውስጥ ተሸጉጠን አንብበናታል፣ ዛሬም ስልክ ከእጁ የማይለይ ልጅ ስለ እሷ ሲሰማ ስልኩን ይረሳል።

አንድ ቀን፣ ነገር ፍለጋ መሆኑን አልክድም፣ ዲሳን ባቡር ላይ ቢያገኟት ምን ያደርጓት እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«እቀጣት ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ እጠይቃት ነበር።»

ንባቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ማሽኑ ልብስ መጭመቅ ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወይዘሮ ጉንቮርም ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጮሁ ይገምታሉ። ማሽኑ ሲበርድ ማን ልክ እንደነበረ ይታወቃል።

ባለፈው ክረምት ዓመታዊው የነዋሪዎች ስብሰባ ተደረገ። ሊቀመንበራችን ቶርቢዮርን፣ ሄል የተባለው ቅመም የገባበት ዳቦ ካስበላን በኋላ፣ አዲስ አሠራር አቀረበ። ማጠቢያ ክፍሉ በካርድ እንዲከፈት፣ ካርዱም ሰዓቱን ላስያዘው ቤተሰብ ብቻ እንዲሠራ፣ አንድ ቤተሰብም ማስያዝ የሚችለው በወር አንዴ ብቻ እንዲሆን። የመጀመሪያዋ የተነሳች እጅ የወይዘሮ ጉንቮር ነበረች። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ሥርዓት ነዋ። ሐሙስ ትዝ ያላቸው ሐሙስ ሲደርስ ነው።

ስወርድ ሰባት ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል። መጽሐፉ በወይዘሮ ጉንቮር ብብት ነው። የወሩን ተራቸውን ለአንሶላ ተጠቅመውበት ስለነበር ካርዳቸውን ባስጠጉ ቁጥር ቀይ መብራት ይበራል። ዲሳ ደግሞ ምዕራፍ አስር መጨረሻ ላይ፣ ድልድይ መሃል፣ የጋሪዋ እጀታ ተሰብሮ፣ ከኋላዋ ፈጣኑ ባቡር እየመጣባት ነው የቀረችው። ልጆቹ ደረጃው ላይ እንዲያነቡላቸው ለመኗቸው። ልክ ከጭንቅላታቸው በላይ «ደረጃ ላይ መሰብሰብ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ፤ በወይዘሮ ጉንቮር በራሳቸው ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። ሁላችንም ቀና ብለን አየነው። ቤታቸው እንዳይወስዷቸው፣ የወይዘሮ ጉንቮርን ሳሎን ያየ ጎረቤት እስካሁን አልተገኘም። ቶርቢዮርንን ላናግረው ወይ ስላቸው፣ «ሕጉ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ምን አገባኝ» የምትለዋን ሳይጨምሩ ወደ ላይ ወጡ።

ሦስት ሐሙስ አለፈ። ማስታወሻ የሚባል ነገር ከሕንፃው ጠፋ። አውቄ የማጠቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ካልሲ ጥዬ ብመጣ እንኳን በሬ ባዶውን አደረ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ናፈቁኝም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ በሬ ተንኳኳ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የስምንት ዓመቷ ቲንድራ ናት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዛ። ወረቀቷ «ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው፤ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓትን ያስይዙ» ይላል። ለየቤቱ አንድ አንድ ጽፋለች፣ እያንዳንዱ ቤት ተራ በተራ እንዲያስይዝ። መጽሐፉ እኮ ቤተ መጻሕፍት አለ አልኳት።

«አመጣሁት» አለችኝ። «ግን እሱ ውስጥ ማሽኑ አይጨምቅም።»

«ዲሳ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«በመስኮት ትገባ ነበር። እትዬ ጉንቮር ግን በመስኮት አይገቡም።»

የመጀመሪያውን ሐሙስ እኔ አስያዝኩ። አረንጓዴው መብራት በራ፣ ልጆቹ ገቡ። ወይዘሮ ጉንቮር ግን መጽሐፋቸውን እንዳቀፉ ደፍ ላይ ቆሙ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ምን ልታጥብ ነው?»

ሳያጥቡ ሰዓት ማስያዝ ክልክል ነው። የሕጉ ቁጥር አራት ነው። እኔ ደግሞ ለሥራ ጉዞ ስዘጋጅ ዘመድ ቤት ወስጄ ያለኝን በሙሉ አጥቤ ጨርሻለሁ። ሮጬ ወጣሁና የሳሎኑን መጋረጃ አውርጄ መጣሁ። እሱም እሁድ ነው የታጠበው፤ የሳሙናው ሽታ ገና አለቀቀውም።

ወይዘሮ ጉንቮር መጋረጃውን ተቀበሉኝ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሐሰተኛ ቲኬት ባዩበት ዓይን መጋረጃውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቲንድራን አዩ።

«ይሄማ እጅግ ቆሽሿል» አሉ።

ማሽኑ ውስጥ ከተቱት፣ ቁልፉን ተጫኑት፣ ቅርጫታቸውን ገልብጠው ተቀመጡና ምዕራፍ አስራ አንድን ገለጡ።