የግፊት ተቆጣጣሪው ምደባ

ያለ ስብሰባ ሥራ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ያለ ቄስ እንደሚቀብር መንደር ነው። ይህን ጥልቅ እውነት ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት በቆሰበር ከተማ ነበር፤ ክብር ይግባውና ዛሬም አለ።

የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር አሳምነው ግን ይህ እውነት ገና አልገባውም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ሲጨብጥ የኖረ፣ እጁ ከቅባት የማይለይ፣ አፉ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። የሚነዳት አሮጌ የቤንዚን መኪና የነዳጅ ፓምፗ ሲሞትባት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ፓምፕ ገጠመላት። የአዲሱ ፓምፕ ጉልበት ግን ለጉድ ነው። ቤንዚኑን በኃይል እየገፋ ካርቡሬተሯን ያጥለቀልቀዋል፤ ትርፉ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ መኪናዋም ጥቁር ጭስ ትተፋና መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። የክትባት ባለሙያዎቹ ከመሳፈራቸው በፊት ማማተብ ጀምረው ነበር።

መድኃኒቱ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ነው። መዳፍ የምታህል ክብ ዕቃ። አሳምነው ከባሕር ዳር አስመጣት። የት እንደምትታሰርም ያውቃል፤ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል፣ ለካርቡሬተሩ ቀረብ ብላ፣ ግን በሚንቀጠቀጠው ሞተር ላይ ሳይሆን ከኋላው ባለው የብረት ግድግዳ፣ ሙቀት በማይበዛበት በኩል። ሁለት ብሎን፣ ሁለት ቱቦ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ።

አንድ ስህተት ሠራ፤ ፈቃድ ጠየቀ። «የግፊት ተቆጣጣሪ ስለመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈቀድልኝ» ብሎ ማመልከቻ ጻፈ።

ኃላፊው አቶ ይሄነው ወረቀቱን ሲያነቡ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተቆጣጣሪ መጣ? ከየት ተልኮ?»

«ከባሕር ዳር ነው፣ ጌታዬ።»

«ይኸው! ብዬ ነበር! አሁን የት ነው ያለው?»

«ኪሴ ውስጥ።»

አቶ ይሄነው ዕቃዋን ሲያዩ ላባቸውን ጠረጉ። ይሁን እንጂ አርቆ አሳቢ ሰው ናቸውና ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። ተቆጣጣሪ ብረትም ቢሆን ተቆጣጣሪ ነው፤ ምደባው በኮሚቴ መታየት አለበት። ሰባት አባላት ተመረጡ። ገለልተኝነታቸው እንዳይጓደል፣ መኪና መንዳት የሚችል አንድም ሰው አልተካተተም።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሽታዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው። ተቆጣጣሪ ከሚቆጣጠራቸው ጋር ጎረቤት ከሆነ፣ ውሎ አድሮ አበልጅ ይሆናል።»

የዕቅድ ባለሙያው በበኩሉ «ችግር የሚደርቀው ከምንጩ ነው» ብሎ ከነዳጅ ታንከሩ ሥር እንዲታሰር ሐሳብ አቀረበ።

«ከምንጩ ከደረቀማ መኪናዋ በምን ትሄዳለች?» አለ አሳምነው። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ሳይመዘገብ ቀረ።

ሦስት ቀን ተሟገቱ። በአራተኛው ቀን አቶ ይሄነው እጃቸውን አነሱ።

«በዚህ መሥሪያ ቤት የሁሉም ነገር ተጠሪነት ለኃላፊ ነው። እኔ ከምቀመጥበት ፊት ለፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን።»

«ቤንዚን ጋቢና ውስጥ? ጌታዬ፣ በቁማችን ልንቃጠል እኮ ነው!»

«ቱቦው ይቅርበታ! ቁጥጥር የሚጠናከረው በቅርብ ክትትል እንጂ በቱቦ አይደለም።»

በጭብጨባ ጸደቀ። ተቆጣጣሪዋ ከምንም ነገር ጋር ሳትገናኝ ዳሽቦርዱ ላይ ታሰረች፤ የንብረት ቁጥር ተጻፈባት፤ ሪባን ተቆረጠላት።

በማግስቱ ክትባቱ ዘንገና መንደር መድረስ ነበረበት። እዚያ ከብቱ በበሽታ እያለቀ ነው። ባምላክ የሚባሉ አዛውንት ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ በዚያው ሳምንት ሞቶባቸዋል። ማለዳ ለአሳምነው ደወሉለት።

«ልጄ፣ ትመጣለህ ወይስ ለቀረው በሬ ቢላዬን ልሞርድ?»

ይቺ ቃል አንጀቱን በላችው። በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደ። ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ተቆጣጣሪዋን ከዳሽቦርዱ ፈትቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ከመጀመሪያው ባሰበላት ቦታ አሰራት። በባዶው ቦታ ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ያገኘውን የባጃጅ ጡሩምባ ቸነከረ። የንብረት ቁጥሩን አልረሳም፤ ባማረ ጽሕፈት ጻፈበት።

መኪናዋ የዘንገናን ዳገት ዘፈን እንደሰማች ሙሽራ እየተውረገረገች ወጣችው። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ለጉብኝት አብረው የወጡት አቶ ይሄነው ጡሩምባውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«አየህ? ዓይኔ ሲያርፍበት ይፈራል።»

«በጣም ነው የሚፈራዎት፣ ጌታዬ።»

ክትባቱ የማቀዝቀዣ ሣጥኑ በረዶ ሳይቀልጥ ደረሰ። የባምላክ በሬ ተከተበ፤ አዛውንቱም በአዊኛ እየመረቁ የአሳምነውን ግንባር ሳሙ። አሳምነው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አቶ ይሄነው ግን ምርቃቱ የተሰጠው ለኮሚቴው መሆኑን በቃለ ጉባኤ አስያዙ።

ወሬው ዳንግላ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ሰዎች በልምድ ልውውጥ ስም መጡ። ሁለቱ ኃላፊዎች ጋቢና ውስጥ ተጣበው ጡሩምባውን በሜትር እየለኩ ሲከራከሩ፣ የዳንግላው ሾፌር ሽመክት ሹልክ ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። አሳምነው ተከትሎት ሮጠ። ሽመክት ከካርቡሬተሩ አጠገብ የታሰረችውን ዕቃ አየ፤ ቱቦዋን ነካ አደረጋትና አንገቱን ነቀነቀ።

«ቦታዋን አግኝታለች።»

«እባክህ ወንድሜ፣ ለማንም እንዳትተነፍስ!»

«አይዞህ። የእኔዋም እዚህችው ቦታ ከታሰረች ዓመት አልፏታል።»

«እንዴ! አለቃህ ከእኛ ሊማሩ መጡ አልተባለም?»

«የምን መማር? የእኛን ሐሳብ ሰረቃችሁ ብለው ሊወቅሱ ነው የመጡት። ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን ብሎ የወሰነው የእኛ ኮሚቴ ነው፤ አምና!»

አሳምነው ሳቁን በቅባት ጨርቅ አፈነ። «ታዲያ አንተ በምትኩ ምን ሰቀልክላቸው?»

«የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት።»

«አይነቁብህም?»

«ምን መንቃት፣ በየቀኑ ያነቡታል እንጂ! ሁልጊዜ አሥር ከሩብ ይላል። አለቃዬም በየሩብ ዓመቱ ‹ግፊቱ እጅግ የተረጋጋ ነው› ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ።»