በደረጃ ያደጉ ሰው

ዓለም ሠሪ ሞልቷታል፤ የጎደላት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግራት ሰው ነው። ይህን ጉድለት ሊሞሉ የተወለዱት አቶ ራዕይ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ኋላ ያስተዳደሩት ሕንፃ ተከራዮች ሲሆኑ፣ እሳቸው ግን ማዕረግ መስሏቸው በደስታ ተቀብለውታል። ዕድሜያቸውን በአማካሪነት ሲገፉ አንድም ሥራ እጃቸውን አላቆሸሸውም። ምክራቸው አንዱ ጋ ሲፈርስ፣ እሳቸው ሌላው ጋ ገብተው እየመከሩ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃቸውን እንዲያስተዳድሩላቸው ቀጠሯቸው። ብዙም ሳይቆይ ሊፍቱ ቆመ። ተራ ሰው ቢሆን ጠጋኝ ይጠራ ነበር፤ አቶ ራዕይ የተከራዮች ስብሰባ ጠሩ።

«ሊፍቱ አልተበላሸም» አሉ ከረባታቸውን አቃንተው። «ከማመላለስ አገልግሎት ወደ ሁለንተናዊ የጤና አገልግሎት እየተሸጋገረ ነው።»

«ታካሚዎቼ ስምንተኛ ፎቅ የሚደርሱት አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ነው!» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ታዲያ ግማሽ ሥራህን አላቀለልንልህም?»

ልብስ ሰፊዋም ተነሣች። «ለክቼ የሰፋሁላት ደንበኛ ለመውሰድ ስትመጣ ቀሚሱ ሰፋት። ደረጃው አክስቷት!»

«ውጤት ይሏል ይሄ ነው! አጨብጭቡላት እንጂ።»

ማንም አላጨበጨበም። አቶ ራዕይ ዝምታውን መደመም ብለው ተረጎሙት። ደረጃው በአረንጓዴ ቀለም ተቀባ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ «በርቱ»፣ ስድስተኛው ላይ «ስኬት ቅርብ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ተከራዮቹም በርትተው ዕቃቸውን በዚያው ደረጃ እያወረዱ አንድ በአንድ ውልቅ አሉ።

አቶ ራዕይ ደረታቸውን ነፍተው ወይዘሮዋ ፊት ቀረቡ።

«ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።»

«ተከራዩስ?»

«እሱም አብሮ።»

ወይዘሮዋ አልተቆጡም። «እንዲህ ያለ ዕውቀት ለብቻዬ ይዤ ብቀመጥ ግፍ ነው» ብለው ስልክ አነሡ። በማግስቱ የማዶው ሕንፃ ባለቤት ለአቶ ራዕይ የላቀ ሹመትና መኪና ይዞ መጣ።

አቶ ራዕይ ሊሰናበቱ ሲገቡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ ምን ቢሉት ነው እንዲህ የተጣደፈው?»

«አንተ ስለ ራስህ የነገርከኝን ነው የነገርኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

«እኔን አጥተው ግን እንዴት ይሆናሉ?»

«እችለዋለሁ፣ ልጄ።»

«ሰውየው ተፎካካሪዎ አይደለም እንዴ? ለምን ለሱ ሰጡኝ?»

ወይዘሮዋ ክንዳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷቸው። ከማዶ የጥርስ ሐኪሙ ሰሌዳ አዲስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የልብስ ሰፊዋ ቀሚሶች በመስታወት ይታያሉ።

«ተከራዮቼ አንድም ሳይቀሩ የገቡት እዚያ ነው» አሉ፣ ትከሻቸውን በፍቅር መታ መታ እያደረጉ። «በል ሂድና ምከርልኝ። እስኪመለሱ እኔ ሊፍቱን አሠራለሁ።»