ከጃፓን ለመጡ ማሰሮዎች የተደረሰ ለቅሶ

የእኛ ሰው ባዶ ነገር አይወድም። መርካቶ የሚኒባስ ረዳት ሳለሁ ይህን በደንብ ተምሬዋለሁ። ባዶ ታክሲ አቁመህ ጉሮሮህ እስኪደርቅ ብትጣራ ማንም አይገባልህም፤ "ይኼ መቼ ሞልቶ ሊሄድ ነው" ብሎ ያልፍሃል። ስለዚህ ሁለት ሥራ ፈት ጓደኞቼን መስኮት ዳር አስቀምጣቸው ነበር። ወዲያው ይሞላል። ሰው የሚገባው ሰው አይቶ ነው። ሰርግም እንደዚያው ነው። ሙሽሪት ምን ለበሰች የሚለው ወሬ አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው፤ "ሰው አልነበረም" የሚለው ግን እስከ ልጆቿ ሰርግ ይከተላታል። የለቅሶውንማ ተዉት። ጎረቤታችን ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ቢኖር ደንታም የለን፤ ብቻውን ከተቀበረ ግን ሰፈሩ በሙሉ አንገቱን ይደፋል።

ይህን ሁሉ የማወራላችሁ፣ አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ባዶ መሆን የማያሳፍረው አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ስለነበር ነው። ሚድታውን ካሉት ሙዚየሞች አንዱ፤ ስሙ ይቅርባችሁ። ሥራዬ ጥበቃ ነው። ጥበቃ ስላችሁ ደግሞ ሽጉጥ እንዳይታያችሁ፤ ሰማያዊ ኮት መልበስ፣ ጆሮ ላይ ሬዲዮ መሰካትና ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ "እባክዎ አይንኩ" ማለት ነው። እኔን ቁም ብሎ መቅጠር ውሻን ጹም እንደ ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት የተውኩት ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነው፤ አሜሪካም የገባሁት ለእናቴ ዲቪ ሲደርሳት በቀሚሷ ጫፍ ተንጠልጥዬ ነው። እዚህ ስደርስ የፒዛ ዴሊቨሪ ሞከርኩ፣ ዌርሃውስ ሞከርኩ፣ ሁሉንም ሦስት ሦስት ወር። ሙዚየሙም አራተኛ ወር እንደማይደፍን እናቴ እርግጠኛ ነበረች።

ታዲያ በአንድ መኸር፣ በኮሪደሩ ጫፍ ከአሳንሰሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኔ ሆነች። ውስጧ ያለው ከአንዲት የጃፓን የገጠር ከተማ ሙዚየም የመጣ ሸክላ ነው። አርባ የሚሆን ማሰሮ፣ ገንቦና ጎድጓዳ ሳህን፤ የንጉሥ ዕቃ እንዳይመስላችሁ፣ ገበሬ ጎመን የሚያቦካበት፣ ሚስቱ ሩዝ የምታቀርብበት ነው። አብዛኛው ጎብኚ አሳንሰሩ እስኪመጣ አንገቱን ብቅ ያደርግና፣ "ማሰሮ ነው" ብሎ ትልልቁ ሥዕል ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። እኔ ግን የምወጣበት ስላልነበረኝ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ጥቁር ማሰሮ አንገቱ ሥር የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ሠሪው ቅቡ ሳይደርቅ ሲያነሳው የቀረ ነው። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ጣቱ ግን ማሰሮውን እስካሁን አለቀቀውም። ብታምኑም ባታምኑም ብሬኬን እዚያው ክፍል ውስጥ ማሳለፍ ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ብቻውን አይጓዝም። ከላከው ቤት አንድ ሰው አብሮ ይመጣል፤ ሳጥኑ ሲከፈት አጠገቡ ይቆማል፣ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ያስጭናል። የእነዚህ ሰው ሚስተር ሳዋዳ ይባላሉ። ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ከግራጫ ኮታቸው ኪስ ነጭ ጓንት የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። በሙዚየማቸው ዳይሬክተሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ አምፖል ቀያሪውም፣ በር ላይ የረገፈ ቅጠል ጠራጊውም እሳቸው ናቸው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያነክሳል፤ ሁለት አንካሶች ተደጋግፈው ከሄዱ ግን የሚደርሱበት አያጡም። ሲብስብን ስልኬን አውጥተን እናስተረጉማለን።

በመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ጋሼ ሳዋዳ በሩ ጋ ከሁለት ወር በፊት አስቀምጠውት የሄዱትን የጎብኚዎች መዝገብ ከፈቱ። ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ በጨርቅ የተጠረዘ፣ ያማረ መዝገብ ነው። ውስጡ ሦስት ነገር ነበረበት። አንድ ሕፃን የሣለው ዳይኖሰር፤ "ሽንት ቤቱ የት ነው" የሚል ጥያቄ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከሥሩ "በስተቀኝ" ብሎ የሰጠው መልስ። ሽማግሌው ዘጉት፤ አቧራ ሳይኖረው በእጅጌያቸው ጠረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከተማቸው ወጣት አልቆባታል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ አሁን ተራው የሙዚየሙ ነው። ጸደይ ላይ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል። ከንቲባው "እኛ ራሳችን የማናየውን ማን ያይልናል?" ሲሏቸው፣ "አሜሪካ ያዩታል፤ የጻፉትን አምጥቼ አሳይዎታለሁ" ብለው ቃል ገብተው ነው የወጡት። ሰኞ ዕቃው ይታሸጋል። በእጃቸው ያለው ማስረጃ እንግዲህ ያ ዳይኖሰር ነው።

"ጋሼ፣ የቸገረዎት ሰው ነው?" አልኳቸው። "ሰውማ እኔ ጋ ሞልቷል።"

የዚያኑ ዕለት ከሺፍት ወጥቼ ከአትላንታ ወጣ ብላ ወዳለችው ስኔልቪል፣ አጎቴ ጋሽ በቀለ ጋ ነዳሁ። አጎቴ የዕድራችን ዳኛ ነው። ለዕድር ጥሪ አገር ቤት ጡሩምባ ነበር፣ እዚህ ቴክስት ሆኗል፤ እሱ ለአምስት ሰው ይልካል፣ አምስቱ ደግሞ ለየአምስት ሰው ይልካሉ፤ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ከስኔልቪል እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ያልሰማ የለም።

"ሰው ብቻ ነው የምትፈልገው?" አለኝ፣ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ።

"ሰው ብቻ። ገብተው ቆም ይበሉ፣ መዝገቡ ላይ አንድ አንድ መስመር ይጻፉ።"

"ሽማግሌው እዚህ አገር ዘመድ የለውም?"

"ማንም የለውም፣ ጋሼ። ክፍሉ ባዶ ነው።"

"ነውር ነው" አለና መነጽሩን አድርጎ ስልኩን አነሳ።

የላከውን ኋላ አይቼዋለሁ። "እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሚድታውን። አድራሻው ከዚህ በታች ነው። የሁላችሁም መገኘት ግዴታ ነው። የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል።" ይኸው ነው። አጎቴ ላይ አትፍረዱ። ያ የስልክ ሰንሰለት ከተዘረጋ ጀምሮ የተላለፈበት መልእክት ሁሉ ሰዓት፣ አድራሻና ቅጣት ነው፤ ማን እንደሞተማ እዚያው ስንደርስ ነው የምንሰማው። ያው ሰው ነው የሚሞተው ብለን ነዋ። ለማሰሮ ተጠርተን አናውቅም።

እሁድ በነፃ የሚገባበት ቀን ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮዬ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሬ ሚስ ላቨርን ናት፤ ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ የአትላንታ ልጅ።

"ሚኪ፣ ስልሳ የሚሆን ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ አንተ እየመጣ ነው። ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?"

"የእኔ ሰዎች ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም፣ ማም።"

ጥቁር ያለችው ያኔ አልገባኝም። በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ነው የገባኝ። ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ትከሻ ላይ። አንድ በአንድ ወደ ጋሼ ሳዋዳ እየቀረቡ፣ እጃቸውን በሁለት እጅ እየያዙ ጎንበስ ይላሉ። ጋሼ ሳዋዳ ደግሞ አገራቸው የጎንበስ አገር ነው፤ እሳቸው ዝቅ ሲሉ የእኛ ሰው ይብሱኑ ዝቅ ይላል፤ የእኛ ሲብስ እሳቸው ይጨምራሉ። ቀድሞ ቀና ማለት ነውር የሆነባቸው ሁለት ሕዝቦች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ሰልፉ እስከ አሳንሰሩ ደረሰ። ሰላምታውን የጨረሱት ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ አዛውንት "ድንኳን የሚተክል ጠፍቶ ነው?" ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ አበበች አጠገቤ ነበረች። ሳምንቱን ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ ትውላለች፤ ለቅሶ ላይ ግን እሷን የሚቀድም የለም።

"ልጄ" አለችኝ በጆሮዬ፣ "እነዚህ ሰዎች አስከሬን ያቃጥላሉ የሚባለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኳት፣ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሳላስብ።

ቀስ ብላ ክፍሉን ዞራ አየች። አርባ ማሰሮ፣ እያንዳንዱ በመስታወት ሣጥኑ፣ ከላይ መብራት እየበራለት።

"ታዲያ ይኼ ሁሉ… ቤተሰቡ በሙሉ ነው?"

አፌን ሳልከፍት ለቅሶውን ለቀቀችው። ሙዚየም ሲሠራ ሹክሹክታ እንኳ እንዲያስተጋባ ተደርጎ ነው፤ የእትዬ አበበችን ድምፅ ምን እንዳደረገው እናንተው አስቡት። ሴቶቹ ተከተሏት። ሦስተኛ ፎቅ ሥዕል ሲያይ የነበረ ሰው ሁሉ በደረጃው ወረደ፤ ለሁለት ወር ሰው ያላያት ክፍል በሯ ተጨናነቀ። ሰው ሰው አይቶ ነው የሚገባው አላልኳችሁም?

አጎቴ ነገሩ ሲገባው ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

"ማን ሞተ ልበላቸው?" አለኝ።

"እውነቱን ንገራቸው።"

"አንተው ንገራቸው። ማሰሮው ያንተ ነው።"

መሀል ክፍሉ ላይ ቆምኩ። ከአስተማሪ ፊት ቆሜ እንዲህ አልቦኝ አያውቅም። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ማሰሮዎቹ ውስጥ ያለው አየር ነው አልኳቸው። እኚህ ሰው ብቻቸውን የሚያኖሩት ቤት አላቸው፤ ጸደይ ላይ ሊዘጋባቸው ነው፤ እንድታዩላቸውና እንድትጽፉላቸው ብዬ ነው አልኩ። ወይ ይስቁብኛል ወይ ይነሱብኛል ብዬ የአጎቴን ዓይን ፈለግሁ፤ አጎቴ ጣሪያውን እያየ ነው።

እትዬ አበበች አፍንጫዋን ጠረገች። "ታዲያ ቤት ሲዘጋ ሞት አይደለም?" አለች። "ምን ሞት ቀረ ከዚህ ወዲያ?"

ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ ተቀመጠች። ማንም አልተነሳም። ከደንቡም ይሁን ከአንጀት እንጃ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እየተነሱ ማሰሮዎቹን ማየት ጀመሩ፤ ሁለቱማ ይኼኛው በስንት ቀን እሳት ተተኮሰ በሚል ተከራከሩ። ጋሼ ሳዋዳ እትዬ አበበችን ወደ ጥቁሩ ማሰሮ ወስደው በጓንታቸው አሻራውን አሳዩአት። አውራ ጣቷን አንስታ በመስታወቱ ላይ ከአሻራው ትክክል አድርጋ ያዘችው። "አይንኩ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

መዝገቡ በአማርኛ ሞላ። ሰው ሲወጣ ጋሼ ሳዋዳ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። በእኔ ቤት "እጅግ ውብ ነው ይላሉ" ብዬ ላልፍ ነበር፤ መንገድ ላይ ያደገ ሰው ከእውነት በፊት የሚያምር ነገር ነው ምላሱ ላይ የሚመጣለት። ግን መዝገቡን የያዙበት አያያዝ ከለከለኝ። የተጻፈው ከጥቂቱ በቀር አንድ ዓይነት ነው፤ "እግዚአብሔር ያጽናዎት።" ስልኩ ላይ ጻፍኩላቸው። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ብዙ ጊዜ ወስደው ጻፉና ወደ እኔ አዞሩት።

"አገሬ ሁሉም በርታ ይለኛል። ማዘን እንደምችል የነገረኝ የለም።"

ሰኞ ዕቃው ታሸገ፤ ሄዱ። እኛ ጋ ግን ጭንቀት ተጀመረ። እትዬ አበበች በየእሁዱ ትይዘኛለች፤ "ለቤቱ በቁሙ አለቀስንለት እኮ፣ ሟርት ሆኖበት እንዳይሆን" ትላለች። አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ባይ ነው። ክረምቱ አለፈ። ጸደይ ላይ ከጋሼ ሳዋዳ ኢሜይል መጣልኝ። ምክር ቤቱ ተሰብስቧል። ከንቲባው መዝገቡን ሲገልጡ ምን ይላል ብለው ጠየቁ፤ ጋሼ ሳዋዳ ነገሯቸው። ከሩቅ አገር ለቅሶ ለተደረሰለት ቤት እጅ አውጥቶ ይዘጋ ለማለት የደፈረ አልተገኘም። ሙዚየሙ ሦስት ዓመት ተሰጠው። ፎቶም አያይዘዋል፤ መዝገቡ ተከፍቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ጎንበስ ብለው የእትዬ አበበችን እጅ ጽሑፍ ያደንቃሉ። እሷ ደግሞ ፎቶውን ስታይ፣ "ምነው ቀጥ አድርጌ ጽፌው ቢሆን" አለች።

ወሬው አንድ ሳምንት ሳይሞላው ካሳሁን ደወለልኝ። ካሳሁን ያን ቀን ከለቀስተኞቹ አንዱ ነበር፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ምግብ ቤት ከከፈተ መንፈቅ ሆኖታል።

"ሚኪዬ፣ አጎትህን አናግርልኝ" አለ። "ቤቴ ጭር ብሏል። አንድ እሁድ እንደዚያ ዘቅዝቀው ይምጡልኝ። ቅጣቱም ይጻፍበት።"

"ምግብ ቤት ውስጥ ለቅሶ?"

"ሦስት ዓመት የሚያሰጠኝ ከሆነ እኔው ራሴ ሙሾ አወርዳለሁ።"

ለአጎቴ ነገርኩት። አልሳቀም። የዕድሩን ደንብ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። የሚከለክል አንቀጽ አጣ።

"ምግቡን ቀምሰኸዋል?" አለኝ በመጨረሻ።

"ቀምሻለሁ።"

"እንዴት ነው?"

"ለቅሶ ይገባዋል" አልኩት።

መነጽሩን ሳያወልቅ ስልኩን አነሳ።