አባ ቱቦ ምሳቸውን በትኩሱ የበሉበት ዜና

በዘመነ አለቃ ቆጥቡ፣ ለእሳት አጥፊ ሠራዊት ሁሉ «ውሃ ቆጥቡ» ከማለት በማያርፉት አለቃ፣ የጣቢያው ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረ በሁለተኛው፣ የትልቁ መኪና ሳይረን እንደ ታመመ ፍየል መጮህ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት፣ መዋዔ ነበልባል፣ ፈታሔ ቱቦ፣ ጭስ የማያስላቸው፣ ደረጃ የማያደክማቸው፣ የእሳት አደጋው ጀግና አባ ቱቦ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው። የምጽፈውም እኔ መሰላል ያዡ ነኝ፤ ነገሩ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁና፣ እንዲህ አልነበረም የሚል ቢኖር ውሸቱን ነው።

አባ ቱቦ በአገልግሎት ዘመናቸው የመጋዘን እሳት አጥፍተዋል፣ ከአሳንሰር ሙሽሮች አውጥተዋል፣ ጣቱ ቧንቧ ውስጥ የቀረበትን ቧንቧ ሠራተኛ አላቅቀዋል፤ ነገር ግን ምሳቸውን በትኩሱ በልተው አያውቁም። ማንኪያው ወደ አፋቸው ሲቀርብ ደወሉ ይጮሃል፤ ሲመለሱም ምግቡ በረዶ ሆኖ፣ ስቡ ከላይ ረግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ምሳ ዕቃውም እንደ ሞላ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ እቴጌ ባለቤታቸው፣ በጠዋት ተነሥተው ሥጋ በድንች መሥራት የሰለቻቸው፣ በዚያ ዕለት ከበሩ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ካልሰማህ ጎረቤት ይንገርህ! ይህ ምሳ ዕቃ ዛሬም ሞልቶ ከተመለሰ፣ በቃ፣ እጄን ከድስት አንሥቻለሁ! ከነገ ጀምሮ ቱቦህን ቀቅለህ ብላ!»

አባ ቱቦም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ ጣቢያ ገሠገሡ። ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸው ግን ረሃቡ ሳይሆን የሚስታቸውን ሙያ የናቁ መስለው መታየታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ይወቅ፤ በጣቢያችን ከጥንት የጸና ሕግ አለ፣ ሥራ ሲጠፋ «ጭር ብሏል» አይባልም። ቃሉ ከአፍ በወጣ ቁጥር ደወል ይጮሃልና፣ አለቃ ቆጥቡ «ጭር ያለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መኪና ያጥባል!» ብለው አውጀዋል።

ወእምዝ፣ ቀትር በሆነ ጊዜ ደወሉ ዝም፣ ስልኩም ዝም አለ፤ ምሳ ዕቃው ተሞቀ፣ ክዳኑ ተነሣ፣ እንፋሎቱ ወጣ። ጀግናውም ሽታው ልባቸውን ቢያስታቸው፣ ማንኪያቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ለጣቢያው ሁሉ «እሰይ! ዛሬስ ጭር ብሏል!» ብለው አወጁ።

እግዚኦ! ምን ነካቸው? ማንኪያው አፋቸው ሳይደርስ ደወሉ አንባረቀ። አለቃም ከፎቅ ሆነው «ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኩሽና ጭስ! አንተ ጭር ያልከው፣ ስትመለስ እንገናኛለን!» ሲሉ አስተጋቡ።

ያን ጊዜ ዘመቱ። በመሪው ላይ ሾፌሩ ፍሬን አያውቄ፣ በመካከል እየተራቡ አባ ቱቦ፣ ከእነርሱም ጋር ሁለት ቱቦ፣ አንዱ የሚያንጠባጥብ፣ አንድ መጥረቢያ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ ከኋላም መሰላሉና እኔ፤ ሳይረኑም ከምንጊዜውም ብሶበት፣ መንገደኛው ሁሉ ፍየል የተገጨ እየመሰለው ወደ ጎማችን ሥር ያይ ነበር።

በደረሱም ጊዜ አባ ቱቦ፣ ልባቸው ከምሳ ዕቃው ጋር ቀርቶ ነበርና ሰፈሩን ሳያስተውሉ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጡ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጭስ የሚወጣበት በር የራሳቸው በር ሆኖ አገኙት። እቴጌይቱም የታጠበ ልብስ ታቅፈው ውጭ ቆመዋል። ከምሳ ዕቃው የተረፈውን ለራሳቸው ጥደው፣ ልብስ ሊያወርዱ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ቢወጡ፣ ንፋስ በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶባቸው፣ ቁልፉ ከውስጥ ቀርቷል። ጀግናውም መጥረቢያቸውን ባነሡ ጊዜ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፦

«በሬን ብትነካ ወየውልህ! ገና ቀለሙ አልደረቀም!»

ስለዚህ ወርደው፣ እኔ በያዝኩት መሰላል ወደ ኩሽናው መስኮት ወጡ። መስኮቱ ጠባብ፣ ሆዳቸውም ሰፊ ነበርና ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ሲንፈራገጥ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል፤ ይህን ግን ዜና መዋዕል አይመዘግብም። ገብተውም ምድጃውን አጠፉ፤ የነደደ ነገር አልነበረም፣ ያረረ ድስት እንጂ። በሩንም ከውስጥ ከፈቱ፤ እኔም መሰላሉን ለሾፌሩ ጥዬ በደረጃ ደረስኩ።

እቴጌይቱ ግን ጭሱን ትተው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸው ጀመር። አባ ቱቦም የራስ ቁራቸውን ሳያወልቁ፣ በደጅ ለተሰበሰበው ጎረቤት ጭምር «ምሳ ዕቃው ሞልቶ ጣቢያ ቀርቷል! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጭር ብያለሁ!» ብለው አወጁ። ይህን ተናግረው፣ የሚመጣውን ቅጣት ከመቀበላቸው በፊት፣ ማንኪያ አንሥተው ከሰል የሆነውን የድስት ሥር ትተው ከላይ አንድ ድንች አወጡና ጎረሱ።

ድንቹም ይፋጅ ነበር። መጋዘን ያላቃጠላቸው ሰው ምላሳቸው ተቃጠለ! እፍ እፍ እያሉ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ፣ እንባቸው እየወረደ «ይፋጃል! እናንተ ሰዎች፣ ይፋጃል! ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል እንዴ!» ሲሉ ጮኹ።

የእቴጌይቱም ልብ ራራ። ልብሱን ወንበር ላይ ጥለው፣ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡና የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ምሕረት ተደርጓል! ቁጭ ብለህ ብላ፣ አንተ ሰውዬ። ድስቱን ግን አንተ ነህ የምትፈትገው!»

እነሆ፣ የገዛ ድስቱን በመሰላል ወጥቶ የማረከ፣ በገዛ ምላሱ ቆስሎ ደስ ያለው፣ ከአባ ቱቦ በቀር ማን አለ? ስማቸው እንደ ቱቦአቸው ይርዘም፣ ምላሳቸው ቶሎ ይዳን፣ እያጠቡት ያሉት መኪናም እንደ መስተዋት ያብራላቸው! ጣቢያችንም ይህን በምጽፍበት በዚህ ሰዓት... ተዉት፣ ቃሉን አልጽፈውም፤ ምሳዬን ገና አልበላሁም።