ስለ እመቤት ኤልፍሪደ ሳንባና ስለ ተዘጋው መስኮት

በዘመነ አዲስ ማሞቂያ፣ አሮጌው የከሰል ምድጃ ከምድር ቤት በተሻረ በሦስተኛው ዓመት፣ ጠባቂተ ደረጃ ወመጋቢተ መጥረጊያ ወይዘሮ ክናፕ በሕንፃው ላይ ሠልጥነው ሳሉ፣ በረዶ በጀርመን አገር የሄርነን ከተማ ጣራዎች በከደነበት ወራት፣ ሎታር ፕሺቢላ የሠራውን ገድል እንጽፋለን። ሎታር ማለት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አርበኛ፣ ጢመ ሸበቶ፣ ባለ ማንጠልጠያ ሱሪ፣ የጊዘላ ባል፣ በሳሎኑ መስኮት ሥር የተተከለው የመስታወት ሣጥን ዘበኛ ነው።

በሣጥኑም ውስጥ እመቤት ኤልፍሪደ ይኖሩ ነበር። እባብ ናቸው። ዘራቸው የጀርመን ሰው ንጉሥ ዘንዶ ከሚለው ወገን ስለሆነ እሳቸውን አንቺ ማለት ለዜና ጸሐፊ ድፍረት ነው፤ ሎታርን ግን አንተ ብንለው የሚቀየም የለም፤ ሚስቱም ከዚህ የባሰ ትለዋለች።

ወእምዝ በአንድ እሑድ፣ ሎታር ከማቀዝቀዣ ወጥታ በረዶዋ የለቀቀላትን የሞተች አይጥ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ገበታ ቀርቧል እያለ በፊታቸው ቢያወዛውዝ፣ እመቤት ኤልፍሪደ ፊታቸውን አዞሩ። ጊዘላም ከወጥ ቤት እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ተዋት እስቲ! በብርድ ወራት መች በልታ ታውቃለች? አንተም አንድ ቀን እንደሷ ብትጾም ሆድህ አይቀየምህም!»

ሎታር ግን ልቡ አላረፈም። አጎንብሶ ቢያይ እመቤቲቱ አንገታቸውን ወደ ክዳኑ ቀጥ አድርገው አፋቸውን ገርበብ አድርገዋል፤ በአፍንጫቸውም ቀዳዳ አረፋ ይወጣል ይገባል። ጆሮውን በመስታወቱ ላይ ቢያሳርፍ ሊፈላ እንደቀረበ ጀበና ያለ ድምፅ ሰማ። በዚህ ጊዜ የጉድጓዱ አርበኛ ፊቱ አመድ መሰለ። ይህን ድምፅ ያውቀዋልና። አባቱ የከሰሉን አቧራ በደረታቸው ይዘው ጡረታ ወጥተው፣ በወጥ ቤቱ ሶፋ ላይ በተቀመጡበት በመጨረሻው ብርድ፣ ትንሹ ሎታር በግድግዳው ማዶ ሆኖ የሰማው ይኸው ነበር። ለጊዘላ ግን አልነገራትም፤ «ጉንፋን ቢጤ ነው» ብሎ አለፈ።

ሕዝበ ሄርነም ራስ ቢያማቸው መስኮት ይከፍታሉ፤ ጎመን ቢሸት መስኮት ይከፍታሉ፤ ዘመድ ሞቶ ሲያለቅሱም መጀመሪያ መስኮት ይከፍታሉ። ሎታርም ይህን ሥርዓት ከተሞሸረበት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሲፈጽም የኖረ ሰው ነውና፣ እመቤት ኤልፍሪደ በታመሙ ጊዜ ቀትርን ጨመረ። መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ በረዶው በሣጥኑ ላይ በነነ፤ የጀበናውም ድምፅ ባሰ። ጊዘላ ካፖርት ለብሳ ሾርባ እያማሰለች ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረች፦

«አንተ ሰውዬ፣ ልታድናት ነው ወይስ ከነአይጧ ማቀዝቀዣ ልትከታት? ተነሥ ሐኪም ዘንድ!»

ሠራዊቱም ዘመተ። የሠራዊቱ ዝርዝር ይህ ነው፦ በግንባር ሎታር፣ እመቤቲቱን በትራስ ልብስ ቋጥሮ ከሹራቡ ሥር በሆዱ ላይ አድርጎ፤ በደጀን ጊዘላ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ የላስቲክ ከረጢት ታቅፋ፤ ለስንቅም በጉበት ቋሊማ የተቀባ ዳቦ። በትራሙ ላይ የሎታር ሆድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ራቅ ራቅ ይሉ ነበር፤ መጨረሻም ቆሙ።

ሐኪሟ ዶክተር ኔስሪን እመቤቲቱን አገላብጣ አየች፤ ሣጥኑ የት እንዳለም ጠየቀች።

«መስኮት ሥር ነዋ! መንገዱን እንድታይ» አለ ሎታር።

«መስኮቱስ ይከፈታል?»

«እንዴታ! ጠዋት፣ ማታ፣ ከታመመች ወዲህማ ቀትርም። እኛ እኮ ንጹሕ ሰዎች ነን፣ ዶክተር!»

ዶክተሯም መነጽሯን አውልቃ ፍርድ ሰጠች፦ «አቶ ፕሺቢላ፣ እርስዎ ንጹሕ ነዎት፤ እሷ ግን የሞቃት አገር ልጅ ናት። ሳንባዋ ታሟል። በንጹሕ አየር ሊገድሏት ነው እኮ! ሣጥኑን ወደ ውስጥ ግድግዳ ያዙሩት፣ ሙቀቱን ይጨምሩ፣ መርፌውን ቤት እየወጉ ይጨርሱ። መስኮቱ እስክትድን አይከፈት።»

መስኮቱ አይከፈት! ሎታር ከምድር በታች ወርዶ ድንጋይ ሲሰነጠቅ የሰማ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። ነገር ግን ቤቱ ገብቶ፣ ሣጥኑን አዙሮ፣ እጀታውን ጠመዘዘና ዘጋ። መርፌውንም አነሣ፤ ከጅራት ሳይሆን ከራስ በኩል፣ እንደ ታዘዘው። ዐይኑን ግን ጨፈነ። ጊዘላ እመቤቲቱን እንደያዘች፦

«ዐይንህን ጨፍነህ ማንን ልትወጋ ነው? እኔን? ክፈት እንጂ!»

ከፈተ። ወጋም።

መስኮቶቹ አላባቸው፤ ላቡም ከመንገድ ታየ። ወይዘሮ ክናፕም መጥረጊያቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፤ በሩንም ደበደቡ፦

«አቶ ፕሺቢላ! ቤትዎ አልቦታል! ይሄ ግድግዳ ሻጋታ ሲያወጣ ማን ሊፍቀው ነው? ለዚያች ገመድ ብለው ሕንፃውን ሊያበሰብሱት ነው? አሁኑኑ ይክፈቱ!»

ሎታር በነጠላ ጫማ፣ መርፌውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። መዋሸት ይችል ነበር። ከጀርባው ያ ጀበና ይንተከተካል።

«ሳንባዋ ነው፣ ወይዘሮ ክናፕ» አለ። «እንደ አባቴ ነው የምትተነፍሰው።»

ጊዘላ ይህን በትዳሯ ዘመን ሁሉ ሰምታው አታውቅም፤ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

ወይዘሮ ክናፕ መጥረጊያቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ ሳይጋበዙ ገብተው፣ ጆሯቸውን በመስታወቱ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። «ባሌ ሃይንትስም እንዲህ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወጥ ቤቱን አዩ፤ ጊዘላ በስርቆት ገርበብ አድርጋ የተወችውን መስኮት ጠርቅመው ዘጉት፦ «ሳንባ እያላችሁ ነፋስ! ሰው ናችሁ እናንተ?»

በማግስቱም በደረጃው ላይ ይህ አዋጅ ተለጥፎ ታየ፦ «የደረጃው መስኮት እስከ ሌላ ትእዛዝ ተዘግቷል። ሦስተኛ ፎቅ ታማሚ አለች። የከፈተ መጥረጊያዬን ያገኘዋል። ክናፕ።» ማንም አልከፈተም።

ብርዱም ሳይወጣ ጀበናው ዝም አለ፤ እመቤት ኤልፍሪደም አንገታቸውን አሳርፈው፣ ሎታር ያቀረበላቸውን አይጥ ብቻ ሳይሆን መቆንጠጫውን ጭምር ነጥቀው ተጠመጠሙበት። ሎታር አለቀሰ፤ ጊዘላ «ሽንኩርት ነው በለና» አለችው።

ጸደይም በገባ ጊዜ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ተገኘ። ወይዘሮ ክናፕ ባልዲና ብሩሽ ይዘው መጡ፤ ማንንም ሳይጠይቁ ተንበርክከው ይፍቁ ጀመር። ሎታርም አጠገባቸው ተንበረከከ።

እነሆ ክብር ለሎታር፣ ሞዓ ነፋስ ዘእምነገደ ፕሺቢላ፣ ዐይኑን ገልጦ ለወጋ፤ ክብር ለወይዘሮ ክናፕ፣ ዘግተው ለጠበቁ፣ ተንበርክከው ለፋቁ። እመቤት ኤልፍሪደም በሞቀው ድንጋያቸው ላይ ተጠቅልለው፣ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳያውቁ፣ ያለ ድምፅ ይተነፍሳሉ።